ሐሙስ፣ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ

እኛ ሰፈር ዕቁብ አለ፣ ብር የማይጣልበት፤
ዳኛ የሌለው፣ ዋስ የማይጠራበት።
አምስት ቤት ነን። አምስቱም በር ከውጭ ይቆለፋል፤
በየቤቱ አንዱ ይረሳል፣ ሌላው ሲያስታውስለት ያልቃል።
የምንጥለው ሰዓት ነው፣ አራት አራት ሰዓት፤
ዕጣ የወጣለት
ሐሙስ ከሰባት እስከ አሥራ አንድ ያሻው ይሂድበት።

ዛሬ ለእኔ ወጣ።
ነዚፍ ባጃጁን አጥር ሥር አቁሞ፣
ዝናቡን ከትከሻው እያራገፈ መጣ።
(የነዚፍ አባት ካረፉ ዓመት ሊሞላቸው ነው፤
ዕጣ አያሻውም። መጣሉን ግን አልተወው።)
«በይ ሂጂ» አለኝ። «የት?» አልኩት።
ሙግት አልነበረም፤ እውነቴን ነው የጠየቅኩት።

እናቴ የቴሌ ሴት ናት።
ሠላሳ አንድ ዓመት፣ ማዳመጫ ነበር ጉትቻዋ፤
አጋሮን ከቦንጋ፣ ሊሙን ከመቱ፣ ሲሰካ ሲነቅል ጣቷ፣
መርዶውም ምሥራቹም ያለፈው በእሷ።
አሁን ገመዶቹ ውስጧ ተጠላለፉ።
ስሜን ነቅላዋለች። አጋሮ ነው የምትለኝ፦
«ሃሎ አጋሮ! መስመሩ ተይዟል፣ ጥቂት ጠብቂኝ።»
መጠበቁንስ እችላለሁ።
ሌሊት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ግን፣
«ፈረቃዬ ደረሰ» ብላ በሩን ስትደበድብ፣
አንዴ ክንዷን ይዤ መለስኳት፤
አያያዜ የልጅ አልነበረም።
ሲነጋ የጣቶቼ አሻራ ክንዷ ላይ በልዞ ነበር።
ለንስሐ አባቴ አልተናገርኩም። ለዕቁቡ ነገርኩ።
ማንም አልደነገጠ።
አንዷ ብቻ አንገቷን ደፋች።

ወጣሁ።
ሂርማታ ገበያው ሞልቷል፤ ጭቃ ይሸታል፣ ዝንጅብል ይሸታል፤
ሰው ሁሉ የሚቸኩልበት አለው፣ ይጋፋል፣ ያልፋል።
አዌቱ ድልድይ ላይ ቆምኩ።
ውሃው ደፍርሷል፤ ይሄዳል፤
የት ነበርሽ የሚለው የለም።
ቁልፉን በኪሴ ዳሰስኩ። ትንሽ ሄድኩና ደግሜ ዳሰስኩ።

ፈረንጅ አራዳ፣ ሙኒራ ጸጉር ቤት ገባሁ።
«ትታጠቢያለሽ ወይስ ትሠሪያለሽ?»
«ልቀመጥ» አልኩ። ሳቀች።
አጠበችኝ። የሰው ጣት፣ ራሴ ላይ፣ ለእኔ ሲባል ብቻ፤
ከመቼ ወዲህ እንደሆነ ቆጥሬ ቆጥሬ ተውኩት።
ካስኩ ውስጥ ከተተችኝ፤ ይሞቃል፤
ጩኸቱ ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ ነው።
ከዚያ ወዲያ አላውቅም።

ስነቃ አሥር ተኩል ሆኗል።
አንገቴ ተጣሟል፤ ጉልበቴ ላይ የማላውቀው ጋቢ ጣል ተደርጓል።
ካስኩ ጠፍቷል። እኔን ሳትቀሰቅሰኝ
ሁለት ሙሽራ ሠርታ ሸኝታለች ሙኒራ።
የአጠባውን ብቻ ተቀበለችኝ።
«በእንቅልፍሽ ሰው ስትጠሪ ነበር» አለች።
ማንን ብዬ አልጠየቅኋትም።

በጭቃው ሮጥኩ።
በሩ ላይ ስደርስ ድምፅ ሰማሁና ቆምኩ።
ነዚፍ መሬት ተቀምጦ፣ ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ፣
ከእናቴ አንድ ክንድ ርቆ፦
«ሃሎ ጅማ! ከሊሙ ነው የምደውለው፣ አባቴን ያገናኙኝ።»
ቀና አለች። ያ የድሮ ድምፅዋ፣
ያ ብረት የመሰለው፣ ከየት መጣ?
«መስመሩ ጤነኛ ነው፤ ይጠራል። አባትዎ አያነሱም።
ይጠብቃሉ?»
ዝም አለ፣ ረዘም አድርጎ።
«እጠብቃለሁ» አለ።

ከዚያ እኔን አየችኝ። ጸጉሬን አየች።
«አጋሮ!» አለች፣ «ዛሬ ጥርት ብለሽ ትሰሚያለሽ።»
ጭቃ ጫማዬን እንዳደረግሁ ሥሯ ተቀመጥኩ።

ለከርሞ ሐሙስ ጣይዋ እኔ ነኝ፤
መምህር ጎንፋ ቤት፣
ነጠላ ጫማ የሚወረውሩት።
ከሰባት እስከ አሥራ አንድ።