ይረባል ወይ ግሱ?

ኅዳር ነው፤ ፌራራ፤ ጭጋግ መስኮት ልሷል፤
የትምህርት ቤቱ ምድጃ ዛሬም ጨሷል።
መምህርት ኤርሲሊያ እጇን በትንፋሽ አሙቃ
ሦስት ግስ ጻፈች፣ ጠመኔ ሰንጥቃ።

«ሦስቱም መጠየቅ ናቸው፤ ጠባይ ነው ልዩነቱ።
ፖስቱሎ ጨዋው ነው፤ ተቆልፏል ካፖርቱ፤
ችሎት ፊት ይቆማል ወረቀቱን ይዞ፣
ዳኛው ሲያዛጋ እንኳ ይጠብቃል ፈዞ።
ፖስኮ መዳፍ ነው፤ ተዘርግቶ ያድራል፤
ሕፃን ጡት ሲፈልግ በርሱ ይናገራል፤
ጣዖትም፣ መሥዋዕት ሲያምረው።
ይሄኛው ግን…» አለች፤ ጠመኔው ተሰብሮ፣
«ፍላጊቶ።»
          (ቢሰማው የእኛ ሰው ጆሮ
‹ፍላጎት› ይለዋል፤ ዝምድና ግን የለም፤
መንገድ ላይ ተጋጭተው፣ ሳይተዋወቁ፣ ሰላም
ተባብለው ያለፉ ሁለት ቃላት ናቸው።)

«ጥንት በሮም፣ ልጆች፣ ዕዳው ሲካድበት፣
ባለገንዘብ ክሱን አይወስድም ችሎት ቤት፤
ወዳጁን ሰብስቦ፣ ከካጁ ደጅ ቆሞ፣
‹መልስ! መልስልኝ!› ነው፣ በዜማ፣ ደጋግሞ።
የግሱን ሥር አንዱ ሊቅ ‹ጅራፍ ነው› ይለኛል፤
ሌላው ‹ጩኸት› ይላል፤ እኔን ሁለቱም ያመኛል።
ከሱ የተወለደው ፍላጊቲዩም ነው፣
ነውር ማለት። የማን ነውር? የጮኸው? የካደው?
መዝገበ ቃላቱ እዚህ ጋ ዝም ይላል።»

ኔቭዮ ተነሣ።
አባቱ ኦቶሪኖ፣ ጡብ ሲተኩስ የኖረ፣
የአራት ወር ደመወዙ ቦናኮርሲ ኪስ የቀረ፣
ዓርብ ዓርብ ቆብ አውልቆ ደጅ የሚጠና ሰው ነው፤
ሦስት ደብዳቤ ጽፏል፣ «ክቡር ሆይ» የሚለው።

«መምህርት፣ ይሄ ግስ በነጠላ ቁጥር፣
ብቻውን ለቆመ ሰው፣ ይረባል?»
ክፍሉ ሳቀ። እሷ አልሳቀችም።
«ይረባል፤» አለች።
መስኮቱን ስታይ ቆይታ፦
«ይበልጥ የሚረባው ግን በብዙ ቁጥር ነው።»

ዓርብ ጎሕ ሲቀድ፣ የቦናኮርሲ ደጅ።
«ሬደ!» ብሎ ጮኸ ልጁ፣ በሙት ልሳን፤
የመለሰለት ውሻ ብቻ ነው።
ደግሞ በእናቱ ቋንቋ፦ «የአባቴን መልስ!»

አባት እየሮጠ መጣ፤ ክንዱን ጨመደደ፤
«ነውር!» አለው ዝቅ ብሎ፣ ፊቱ እየነደደ።
«የማን?» አለ ልጁ።

አንድ መስኮት ተከፈተ። ከዚያ ሌላ።
የእቶን ሠራተኛው ሚስት ዴልፊና ወጣች፣ በነጠላ ጫማ፤
መምህርት ኤርሲሊያ፣ ቦርሳዋን አንግታ፣
ትምህርት ቤት ሳትሄድ፣ መንገዱ ዳር ቆማ።
ማንም አልጮኸም ገና።

ፎቅ ላይ መብራት በራ። ጠፋ።
ኦቶሪኖ የልጁን ክንድ አልለቀቀም፤
በሌላው እጁ ግን
ቆቡን ራሱ ላይ ደፋ።