ምራቂ

ሰኞ ጠዋት በጠመኔ፣ ካርቶን ላይ ዋጋ ጻፍሁ፤
ሐሙስ ማታ ገንዘቡ ቀሎ፣ ቁጥሩን በክርኔ አጠፋሁ።
እዚህ ቹቡት፣ እዚህ ሜዳ፣ ነፋስ ብቻ አይደለም የሚሮጥ፤
ፔሶም ይጋልባል፣ ዳቦው ሳይበርድ ዋጋው ሲለዋወጥ።

ወንድሜ አንሴልሞ ከኮሞዶሮ፣ ከነዳጁ ከተማ ደወለ፤
"በዶላር ጥሪ፣ አትሞኚ፣ አሮጌ ሼቭሮሌት ዛሬ ወርቅ ነው" አለ።
እህቴ ኤድልሚራ በበኩሏ፣
"ቁርጥራጭ ነው፣ በኪሎ ሽጪው" — ይኸው ነው ቃሏ።
ሦስት ወራሽ፣ አራት ጎማ፤ ለክፍፍል እንኳ የማትመች፤
አራተኛውም ሙልጭ ብሎ፣ ሽቦው ወጥቶ ያየች።

ሰባ ስምንት ሞዴል ናት። አረንጓዴ — ማለቴ፣ ነበረች፤
ፀሐይ ልሳ ልሳት ነው እንጂ፣ እንዲህ የደረቀ ሳር የመሰለች።
የግራ በሯ በሽቦ ታስሯል።
ወለሏ ተበልቷል፤ እግሬ ሥር ጠጠር ሲሮጥ እያየሁ ነው ያደግሁት።

ቅዳሜ ሲክስቶ መጣ፣ በግ ሸላቹ፣ እጁ የሱፍ ቅባት የሚሸት፤
የእህቱ ባል አብሮት፣ መካኒክ ነኝ ባይ፣
ጎኗን እንደ ሐብሐብ መታ መታ አደረጋት።
"ዘይት ትጠጣለች" አልሁ፣ ሳልጠየቅ።
"እኔም እጠጣለሁ" አለ፣ "ግን ዋጋ አልጨመርሁም።"

"ስንት ኪሎሜትር ሄዳለች?"
ቆጣሪው ሰማንያ ሰባት ሺህ ላይ ቆሟል፤
ከቆመ ሃያ ስድስት ዓመቱ።
እሷ ግን አልቆመችም።
ከዚያ ወዲህ ያለው ሁሉ፣
የአጥር እንጨቱ፣ ድርቆሹ፣
ኤድልሚራ በሙሽራ ቀሚሷ፣ ከሱፍ ጆንያ ጎን፣
እናቴ በሌሊት ወደ ሆስፒታል፣ ከዚያም ባዶው መልስ፣
አባቴ ዝም፣ እኔ ዝም፣ ሁለት መቶ ኪሎሜትር፣
ማንም አልቆጠረው።
ያልተቆጠረ በስንት ይሸጣል?
"ብዙ" አልሁት። "ብዙ ሄዳለች።"
"እንግዲያማ ቀንሺ" አለኝ።

ቀነስሁ። ጨመረ። ሄደ። ከአጥሩ በር ተመለሰ።
ብሩን ኮፈኗ ላይ ቆጠርን፤ ነፋስ ጫፍ ጫፉን ሲያነሳ
የአባቴን መፍቻ ጫንሁበት።

"ያፓዬስ?" አለ ሲክስቶ።
ምራቂውን መጠየቁ ነው፤
ሥጋ ሻጩ ከሚዛን በላይ ጣል የሚያደርጋት አጥንት፣
ባለሱቁ በልጅ መዳፍ የሚያኖራት ከረሜላ።
እጄን አየሁ፤ መፍቻውን ሰጠሁት።
ምራቂው እሱ መስሎኝ ነበር።

ቁልፉን አዞረ፤ ዝም።
ደግሞ አዞረ፤ ዝም።
የእህቱ ባል "ብዬህ ነበር" በሚል ዓይን፣
ሲክስቶ በእጄ ያለውን ብር በሚያይ ዓይን።

በመስኮቱ ገባሁ፣ እስከ ወገቤ፦
"ቤንዚኑን ሁለቴ ርገጥ። አሁን ተው።
እስከ ሰባት ቁጠር። አትቸኩል።
አምስት ላይ ትፈተናለህ፤ ሰባት።
አሁን በጉልበትህ ከመሪው ሥር ግፋና አዙር።"

ሳለች፤ ተንዘፈዘፈች፤ ተነሳች።

ማንም አላስተማረኝም።
በየንጋቱ ከጎኑ ተቀምጬ
ከንፈሩ ሲንቀሳቀስ አይ ነበር፤
ጸሎት ይመስለኝ ነበር።

አቧራዋ ነፋሱን ቀድሞ ጠፋ።
ማታ ብሩን ለሦስት አካፈልሁ፤ አንዲት ኖት ተረፈች፣
ከጨው ዕቃው ሥር አኖርኋት።

አንሴልሞ ደወለ፤ "ስንት?"
ነገርሁት። ተነፈሰ።
"በላዩስ፣ ምን መረቅሽለት?"
"መፍቻ" አልሁ።
ሰባቱን አልነገርሁትም።