ልክ

ሮላ ሰፈር፣ ሻርጃ፣ ከሞባይል ሱቅ በላይ፣
ዓርብ ከሰዓት በኋላ፣ ሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
ዐሥራ አንድ ወንበር አለ፣ ዐሥራ አንድ መስኮት፤
መስኮቶቹ ኮምፒውተር፣ ውስጣቸው ጥቁር ሌሊት።
ሌሊቱ ላይ መስመር እንዘረጋለን።

ሾሄል ከጎኔ ነው፣ የቀያሽ ረዳት፣
ፀሐይ አንገቱን ያከሰለው፤
"ዓመት ሙሉ ዘንግ ይዤ የቆምሁባት ነጥብ
የት እንደገባች ልይ ብዬ ነው" ያለው።
ማሪቬል ሒሳብ ትችላለች፣ ትዕግሥት አትችልም፤
ቁልፉን ትደበድባለች፣ ያጠፋው እሱ ይመስል።
እኔ ረውዳ ነኝ፣ የሐርቡ ልጅ፤
ከመግሪብ በኋላ ቢሮ አጸዳለሁ።

ነገሩ ከቆሻሻ ነው የጀመረኝ።
ትልቁ ማተሚያ የተፋውን ወረቀት
ጠቅልዬ ልጥል ስል፣ አንድ ማታ ፈታሁት፤
ሰማያዊ መስመር፣ ቀስት፣ ክብ፣ ቁጥር፣
በቀይ እስክሪብቶ የተቆጣ ሰው ጽሕፈት።
ፊደሉ አልገባኝም፤ መንገዱን ግን አወቅሁት፤
ሚኒባስ የምጠብቅበት ያ አደባባይ ነው፣
ከላይ፣ በአሞራ ዓይን፣
ከአስፋልቱ ሥር የተቀበረው አንጀቱ ሳይቀር።

ኮያ አየኝ። የማላባር ሰው፣ ሽማግሌ ነዳፊ፣
አንድ ወንበር ላይ ሠላሳ ዓመት የኖረ፣
"ገልብጠሽ ይዘሽዋል" አለኝ፤ ወረቀቱን አዞረ።
ሌላ ቃል አልጨመረ።
በማግስቱ የዚህ ትምህርት ቤት አድራሻ
ባልዲዬ እጀታ ላይ ተለጥፎ ነበረ።

"ልክሽን እወቂ!"
ደላላው ብሎኛል፣ ፓስፖርቴን እንደያዘ፤
እናቴ ብላኛለች፣ ስትሸኘኝ፣ ዐይኗ እንደፈዘዘ፤
ማዳም በዓረብኛ ብላኛለች፣ በጣቷ ጫፍ።
እዚህ ደግሞ የመጀመሪያው ትምህርት
ልክ መውሰድ ነው፤ ልክ መጻፍ።

በሦስተኛው ወር ስቼ
ከጉድጓድ አምስት ወደ ጉድጓድ ስድስት
ፍሳሹን ሽቅብ አወጣሁት፣ አራት ሳንቲሜትር።
ሥራዬን ለኮያ ባሳየው፣ ሳቀ፦
"ውኃ ማንበብ አይችልም፣ አለቃ አይፈራም፣
ፊርማ አይቶ አይዞርም።"
አፈርሁ። ቀጥሎ ተናደድሁ።
ይህን ለእኔ ነው የሚነግረኝ?
ሰባት ዓመት የሰው ወለል ወልውያለሁ፤
የትኛው ሴራሚክ አንጣፊ እንደዋሸ
በመወልወያዬ ጫፍ አውቃለሁ።
"ና" አልሁት።
የቢሮው ወጥ ቤት ውስጥ አንድ ኩባያ ውኃ ደፋሁ፤
ውኃው ማፍሰሻውን ትቶ፣
ፍሪጁ ሥር ገብቶ ተኛ፣ እንደ ልማዱ።
በየማታው እዚያ ነው የምጨምቀው።
ኮያ ተንበረከከ፤ ጉንጩን ወለሉ ላይ አስጠግቶ አየው።
"ማን አስተማረሽ?"
"ባልዲው" አልሁ።

በጥር አንድ ሌሊት ሰማዩ ተቀደደ፤
ሻርጃ ዝናብ ሲመጣባት የምታስቀምጥበት የላት።
ያ አደባባይ ሐይቅ ሆኖ አደረ፤
ታክሲዎች ቆመው ቀሩ፣ ውኃው እስከ ደረት።
ሾሄል ፎቶ ላከልኝ፣ ዘንጉን ውኃ ውስጥ ተክሎ፣
ሱሪውን ጉልበቱ ላይ ጠቅልሎ፣
"ነጥቤ ሰጠመች" ብሎ።

ከዚያ በኋላ ነው ኮያ አንድ ወረቀት የሰጠኝ፤
ሙሉውን መንገድ አይደለም፣
ጥግ ላይ ያለች አንዲት ጉድጓድ፣
ከድሮው ንድፍ ላይ እንደገና የምትሣል።
አራት ማታ ፈጀችብኝ።
በስተቀኝ ከታች፣ የነዳፊው ሳጥን ጠባብ ነው፤
ሁለት ፊደል ነው የሚበቃው፤ ጻፍሁ፦ ረ.መ.
ኮያ ሁለት ስሕተት በቀይ አከበበ፤
አሳረመኝ፣ አሳረመኝ፣ ከሥሬ ፈረመ።

ልክሽን እወቂ ላላችሁኝ፦
ቁልቁለቷ ከመቶ ሃምሳ አንድ፣
ጥልቀቷ ሜትር ከሰማንያ፤
ክዳኗ ብረት፣ ከባድ መኪና የሚችል።
ስትቀበር ማንም አያያትም፤
መልካም ጉድጓድ የሚታወቀው
ዘንቦ ምንም ሳይሆን ሲቀር ነው።

ማተሚያው የመጀመሪያውን፣ ቀይ የበዛበትን፣ መሬት ላይ ጥሎታል።
ጎንበስ ብዬ አነሣሁት።
የቀረውን ጠረግሁ። ያን አልጣልሁትም።