የላላው ላስቲክ

ጅማ፣ ሂርማታ ገበያ፣ ከሰዓት ሠሪው ጎን፣
አንድ ሱቅ ነበረን፣ ስፋቱ ቁምሳጥን።
የራዲዮ ሬሳ፣ የቴፕ አንጀት ሞልቶት፣
አባቴ ነጂብ ነው ጎንበስ ብሎ የሚውልበት።

አንድ ካሴት ነበረው፣ ክዳኑ የነቃ፣
የእርሻ ኮሌጅ መምህር፣ ኮንትራቱ ሲያበቃ፣
የጥገና ዕዳውን በሱ የከፈለበት፤
«ሶናታ፣ ቫዮሊንና ፒያኖ» የሚል የተጻፈበት።

ማታ መብራት ሲመጣ፣ መዝጊያው ዝቅ ሲል፣
ቫዮሊኑ ይነሣል፣ ግድግዳ ይዞ ዘመም ይል፤
ከአልጋ እንደከረመ ሰው፣ እየተደገፈ፣
አንድ እርምጃ ሄዶ፣ አንዱን እያሳረፈ።
ፒያኖው ከኋላ፣ እንደ አስታማሚ እህት፣
ኩባያ ውሃ ይዞ ይከተላል፣ እንዳይፈስበት።

ሰዓት ሠሪው ሻፊ፣ ጆሮ አለው የተባለ፣
«ትዝታ ነው ይሄ፣ ትንሽ የሰከረ» አለ።
ልብስ ሰፊው ዲንሳ «የለም፣ ባቲ ነው» ብሎ፣
ፔዳሉን አቆመ፣ መርፌውን ሰቅሎ።
አባቴ አንድም ቀን አልገባም ከክርክር፤
ጣቱን ከጠረጴዛው ጠርዝ አሳርፎ ዝም ይል ነበር።

እኔም በዚያ ካሴት አደግሁ።
ሐዘን ለኔ ፍጥነት ነው፦ አዌቱ ወንዝ በጥር፣
ይሄድ ይሆን ቆሞ፣ ሳይለይ ከድልድዩ ሥር፤
እናቴን ከቀበርን ወዲህ በቤታችን ያለው፣
ሁላችን የምንራመደው፣ ማንም ያላወጀው።

አባቴም ተከተላት። ሱቁን ሳራግፍ፣
ያ ቴፕ እጄ ገባ፣ አቧራው ሲረግፍ።
ፈታሁት። ሞተሩን ከመዘውሩ የሚያያይዘው ላስቲክ
እንደ ሽማግሌ አንገት ረግቧል፤ ቢስቡት አይመለስ፣ ቢለቁት አይነቃነቅ።
አዲስ ቀየርኩለት። ከዚያው ካሴት፣ ከዚያው ክር፣
ሌላ ሰው ብድግ አለ፣ በእግሩ የሚበር።

የታመመ የለም! ልጅ ነው፣ ከጅሬን ቁልቁለት የለቀቁት፣
ዝናብ ሲያባርረው እየሳቀ የሚሮጥ ከፊት።
ፒያኖውም አስታማሚ አይደል፣ አብሮ አደጉ ነው፣
ገፍቶ የሚጥለው፣ ጥሎ የሚያነሣው።
ድምፁ አንድ እርከን ሽቅብ ወጥቶ ደመቀ፤
አሥር ደቂቃ የማውቀው በዘጠኝ አለቀ።

ተናደድኩ፣ እውነቱን ልናገር፤ እንደተታለለ።
ለካ የሃያ ዓመት ሐዘኔ
በጣት በሚጠለቅ የጎማ ቀለበት ውስጥ ነበር ያለ።
ስንቱን ጎረቤት፣ ስንቱን የሰው ቴፕ ያዳነ፣
የገዛ ቤቱን በሽተኛ እንዴት ሳያይ ባከነ?

ማታ የሱቁን ደብተር፣ የዱቤውን፣ ገለጥኩ።
«ራዲዮ፣ ድምፅ የለውም፣ አርባ ብር።»
«ቴፕ፣ ክር ይበላል፣ ያልተከፈለ።»
ከዚያ በታች፣ በዚያው ጠባብ ጽሑፍ፣
እናቴ በተቀበረች በሳምንቱ፦
«የራሴ ቴፕ። ላስቲኩ ላልቷል። አውቃለሁ። አይነካ።»

መብራት ሄደ።
በጨለማ ውስጥ አሮጌውን ላስቲክ
በጣቴ ላይ እያዞርኩ ብዙ ቆየሁ።

እንግዲያ ከዚያ በፊት፣
እሷ እያለች፣
ያ ቫዮሊን በዚህ ቤት
ይሮጥ ነበር ማለት ነው።

አላስታውስም።