ሰባት ቤት

ቤቱን ገዝተን ስንገባ፣ አሽቀሎን፣ ሦስተኛ ፎቅ፣
የሳሎኑ አንዱ ጥግ ባዶ ሆኖ ሲጨንቅ፤
ወንበር ስናኖርበት የቀረ እንግዳ ይመስላል፣
መብራት ስናቆምበት ጥላው ግድግዳ ይበላል።

«እማ» አለች ሞራን፣ ስልኳን እያሳየች፣
«ቅጠለ ሰፊ ተክል ነው የሚሻለው» እያለች።
እኔ ደግሞ ባዕድ ነገር ከቤቴ ሳላስገባ
አጠናለሁ፤ እጠይቃለሁ።
አጃነው ሳቀብኝ፦ «እንግዲያ ሽማግሌ ላኪ!»

ሽማግሌዋ ራሴ ሆኜ፣ ዓርብ ጠዋት ሄድሁ ከችግኝ ቤት፣
ከባቡሩ ሐዲድ ማዶ፣ ከአሸዋው ጉብታ ፊት።
ፕሮስፐር የካዛብላንካ ሰው ነው፤ ጆሮው ላይ እርሳስ የሰካ፣
አበባን በስሙ የሚጠራ፣ ደንበኛን በዓይኑ የሚለካ።

«ምን ያህል ፀሐይ አለሽ?»
«ጠዋት አንድ ክንድ። ከሰዓት ምንም።»

አንዱን ቅጠል ገለበጥሁ፣ ጀርባውን አየሁት፤
ሙሽራ ሲመርጡ ተረከዝ ይታይ የለ?
ሥሩን ጠየቅሁ፣ ቁመቱን፣ ጠባዩን፣ የውሃ ፍቅሩን፣
ክረምት ላይ ይኮራ እንደሁ፣ ቢቆጡት ይጥል እንደሁ ቅጠሉን።
«እናቱስ?» አልሁ።
«እናቱ?»
«እናቱ፣ አያቱ፣ ቅድመ አያቱ፤
እስከ ሰባት ቤት ቁጠርልኝ፣ እኛ ዘንድ ነው ሥርዓቱ።»
ፕሮስፐር እርሳሱን አወረደ፣ ግንባሩን በጫፉ ፋቀ፤
«ከሆላንድ በመርከብ መጣ፣ እመቤቴ። ከዚያ ወዲያ ማን አወቀ?»

አንድ ፊከስ ነበረ፣ ቅጠሉ የገበታ ያህል፤
«ይህ ኩሩ ነው» አለኝ፣ «ቦታ ከለወጥሽው ቅጠሉን ያረግፋል።»
አኩራፊ አማች በቃኝ፤ አንድ አለኝ በበኩሬ በኩል።
ቀጥሎ የዝሆን ጆሮ፣ ሌሊት ከጫፉ ውሃ የሚያንጠባጥብ፤
ሲያለቅስ የሚያድር ነገር ሳሎኔ ውስጥ?
ጎረቤት ምን ይላል?

ዞር ስል፣ ከጥቁሩ መረብ ሥር ቆሟል።
ኮባ።
ደም ሥሩ ቀይ፣ ወገቡ ወፍራም፣ ቅጠሉ እንደ ጀልባ፣
የባሕሩ ነፋስ ዳር ዳሩን ተልትሎታል።
በካርቶን ቁራጭ ላይ በዕብራይስጥ ስም ወጥቶለታል፤
ፊደል እየቆጠርሁ አነበብሁ፦ «የሐበሻ ሙዝ» ይላል።
ፕሮስፐር ሳይሰማኝ፣ በአማርኛ፣ ጤና ይስጥልኝ አልሁት።

«ይሄን ውሰጂ፤ የአገርሽ ነው፤ ሃያ ሰቅል እቀንሳለሁ።»
«አይሆንም።»
«ለምን?»
«ዘመዴ ነዋ። ሰባት ቤት አይሞላንም።
የእናቴ ወገን ነው፤ እንዴት አድርጌ ላግባው?»
ፕሮስፐር አልገባውም።
እኔም ተናግሬው ነው እንጂ ገብቶኝ አይደለም።

የሆላንዱን ወሰድሁ፣ ያን ቅጠሉ የተቦዳደሰውን።
አጃነው በጀርባው አዘለው፤ አሳንሰሩ ተበላሽቶ፣
በየደረጃው አረፍ እያለ፣ አፈር በአንገቱ ገብቶ።

አሁን ጥጉ ሞልቷል። ዓርብ ማታ ሻማው ሳይበራ
በእርጥብ ጨርቅ እወለውለዋለሁ፣ ከሐምሲኑ አቧራ።
አዲስ ቅጠል ሲያወጣ ተጠቅልሎ ነው፤ ሞራን ፎቶ ታነሳዋለች።
መልካም አማች ነው፤ ያልተሰጠውን አይጠይቅም።

ግን ዘመድ ይጠየቃል።
ማክሰኞ ማክሰኞ፣ ከሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ስወጣ፣
«አፈር ልገዛ» እያልሁ ወደ ፕሮስፐር ስመጣ፣
በረንዳዬ ላይ ያልተፈታ ከረጢት፣ ስድስት፣ ተከመረ።
ባለፈው ማክሰኞ ሄድሁ፤ የኮባው ቦታ ባዶ ነበረ።

«ከኦዴሳ የመጡ ባልና ሚስት ገዙት። ግቢ አላቸው፣ መሬት።»
«ፀሐይስ?»
«ከጠዋት እስከ ምሽት።»
«ስንት ከፈሉ?»
ነገረኝ።
ለጥሎሽ አያንስም አልሁ።

ሰባተኛውን ከረጢት ገንዘብ አልቀበልም አለኝ።
ከመረቡ ሥር፣ እርሱ ከቆመበት፣ ሲሚንቶው ላይ
እርጥብ ክብ ቀርቶ ነበር፤
እስኪደርቅ ቆሜ ጠበቅሁ።