የሰሌዳው ጥግ

የሌሊት ነው ሥራዬ፤ በባልዲ፣ በጨርቅ፣
የቀኑን ትምህርት ሁሉ ከሰሌዳ መፋቅ።
ታርቱ ትተኛለች፣ ወንዙ በረዶ ለብሶ፣
እግረኛም አይታይ፣ ሄዶም ተመልሶ።
እኔ ግን ካንዱ ክፍል ወደ አንዱ ሳልፍ፣
ሰው ያሰበው ሁሉ ነው በእጄ የሚረግፍ።

ሦስተኛው ፎቅ ላይ ነው፣ ሦስት መቶ ሰባት፣
ሄልቬ ሳርማን የምትባል መምህርት ያለችበት።
ቁልፉን የሰጠኋት እኔ ነበርኩ ያኔ፤
የጠየቀችኝም አንድ ፓኮ ጠመኔ።
ከዚያ በሰሌዳው፣ ከታች፣ በግራ ጥግ
አንድ ሣጥን ሣለች፤ ጻፈች፦ «አይጠረግ»።
ሦስት መስመር ነው ውስጡ፣ እንደ ንብ የሰፈረ፣
የጥያቄ ምልክት ጫፉ ላይ የቀረ።
ምን እንደሆነ አላውቅም፤ ጨርቄ ባለፈ ቁጥር
ዳር ዳሩን ነው የምዞረው፣ እንደ ሰው መቃብር።

አንድ ዓመት። ሦስት ዓመት። ዓመቱ ሰባት ሆነ።
በሣጥኑ ዙሪያ ጠመኔው በነነ።
አንዳንዴ ቀስት ይመጣል ከሣጥኑ ወጥቶ፣
ሰሌዳውን ሁሉ ሸፍኖት፣ ሞልቶ፤
በማግስቱ ሳየው ጠፍቷል ተሰርዞ፣
ቅርጫቷም ሞልቶ ነው፣ ወረቀት አርግዞ።

ቀን ፈረቃ ሲደርሰኝ፣ ለጀማሪ ልጆች
የወሰንን ትርጉም ስታስረዳ በእጆች፦
«ትቀርቡታላችሁ፤ ላትደርሱ ትችላላችሁ፤
ከዚህ እንደማያልፍ ግን ታውቃላችሁ»
ስትል እሰማለሁ፣ መሰላል ላይ ቆሜ፣
አምፖሉን ረስቼ፣ ቃሏን ቃሏን ለቅሜ።

ቅጽ ይመጣላታል፦ «በዓመቱ ምን ወጣ?»
ባዶውን ትልካለች፤ ሌላ ደግሞ መጣ።
የጎን ክፍሉ ካልዮ ፕሮፌሰር ሆኖ ወጣ።

በአሥራ አንደኛው ክረምት፣ ገና በማለዳ፣
አገኘኋት ቆማ፤ ነጭ ሆኗል ሰሌዳ፤
እጅጌዋም ነጭ ሆኖ፣ ነጭ ሆኖ ቅንድቧ፣
ለመጀመሪያ ጊዜ ስትስቅ አየሁ ከልቧ።
«አርቮ፣ ተመለሰ!» አለች በሹክሹክታ፤
ጥጉን አሳየችኝ፣ ጣቷን አንስታ፤
ጥያቄዋ ጠፍታ፣ ነጥብ ተተክታ።
«እንግዲያው ልጥረገው?» ብላት፣ «ቆየኝ» አለች፤
«ሰው ያላያት እውነት፣ እውነት አልተባለች።»

ሐሙስ ነው ጉባኤው። ከየአገሩ መጡ፤
ከሪጋ፣ ከሄልሲንኪ፤ ጸጥ ብለው ተቀመጡ።
ወንበር ሳመላልስ ነበርኩኝ ከበሩ።
ሁለት ሰዓት ሙሉ ሰሌዳውን ሞላች።
ከኋላ ረድፍ ላይ ትሪን እጅ አወጣች፣
የሃያ ዓመት ልጅ ናት፤ ፊቷ ቀልቶ እንደ ፍም፦
«ይቅርታ፣ አራተኛው መስመር አልገባኝም።
ቅደም ተከተሉን እዚህ ጋ ስንቀይር
ማን ፈቀደልን?» አለች።
ከዚያ የሰማሁት የሰዓት ድምፅ ነበር።

ሄልቬ ዞር አለች፤ ሰሌዳዋን አየች፤
ጠመኔዋን ካንድ እጅ ወደ አንዱ አሻገረች።
«ማንም» አለች ኋላ፣ «ማንም አልፈቀደም፤
አመሰግናለሁ፤ ከዚህ አናልፍም።»

ያን ሌሊት ስገባ የጠበቅሁት ለቅሶ፤
ያገኘሁት ግን፣ ነጥቡ ላይ፣ ተመልሶ
የጥያቄው መንጠቆ ነው፣ በአዲስ ጠመኔ ደምቆ፤
ከሥሩም ሁለት የእጅ ጽሑፍ፣ አንዱ ካንዱ ርቆ፤
የእሷ፣ ቀጥ ብሎ፤ ጋደል ያለው የልጅቷ።

ከዚያ በኋላ ያለው ብዙም አይወራም፤
ዘጠኝ ዓመት ፈጀ፤ መለከት አልተነፋም።
አሥራ አራት ገጽ ወጣ፣ ስሙ የሁለት ሰው፤
አንዱን ሰጥታኛለች፤ ሞከርኩ ላነበው፤
«ስለዚህ» የሚለው ነው እኔ የማውቀው።
ሣጥኑ ግን ቆየ፤ አዲስ ጥያቄ ገባው።

ጡረታ የወጣች ለት ቁልፉን አስረከበች።
«ጨርቁን አውሰኝ» አለች። ራሷ ጠረገች።
ሣጥኑ የነበረበት፣ ጠመኔው ሲለቅ፣
ጥቁር ሆኖ ወጣ፣ ከሌላው የሚደምቅ፤
ጨርቄ ነክቶት አያውቅማ፣ ሠላሳ ዓመት ሙሉ፤
ቀሪው ገርጥቶ ነው፣ በኔው እጅ፣ በሙሉ።

ክፍሉ የትሪን ነው ዛሬ። ጽሑፏ ጋደል ያለ፣
ዳር እስከ ዳር ይሄዳል፣ ያን ጥግ እየዘለለ።
እኔም ትናንት ሌሊት፣ ባዶነቱን እያወቅኩ፣
ዳር ዳሩን ጠርጌ፣
ዞሬው አለፍኩ።