እጅጌ

ፒስተን የለው ይሄ ሞተር፤ ልቡ ባለ ሦስት ማዕዘን፣
በዕንቁላል ቅርጽ ጓዳ ውስጥ ዞሮ ዞሮ የማይባዝን።
ሲነሣ አያጉረመርም፤ ድምፁ ይተረተራል፣
ዳሩን በጥርስ የነከሱት አቡጀዴ ይመስላል።

አሬሲቦ፣ ከባሕሩ ሁለት መንገድ ከፍ ብሎ፣
ማዝዳዬ ጓሮ ቆማለች፣ ኮፈኗ ተነቅሎ።
የድሮው ማኒፎልድ ወድቋል ተሰንጥቆ ከእግሬ ሥር፤
ሳሊናስ ላይ፣ ውድድር ላይ፣ ሦስተኛ ማርሽ ስቀይር፣
እሳት በስንጥቁ ወጥቶ የመሪዬን ዘንግ ላሰው።
ያንን በገንዘቤ ገዛሁ፤ ይሄን በእጄ ልሥራው።

ሁለት ቱቦ፣ አንድ አንገት፣
ቱርቦው ጫፉ ላይ ተቀምጦ የጢሱን ጉልበት ሊጠጣበት።
በወረቀት ቀላል ነበር። ኮፈን ሥር ግን ቦታ የለም፤
እንኳን የብረት ቱቦ የልጅ ጣት አያሳልፍም።
ርዝመታቸውም እኩል ይሁን፤
አንዱ ቀድሞ አንዱ ከዘገየ ቱርቦው ያነክሳል።
አራት ሌሊት ቆረጥኩ። አራት ሌሊት ጣልኩ።
ግራይንደሩ ሲጮኽ የሰፈሩ ውሻ ሁሉ መለሰለት፤
ኮኪ እንቁራሪቶቹ ብቻ፣ ስማቸውን እየጠሩ፣
ከእኔ ብሰው ቀጠሉ።

በአምስተኛው ሌሊት የአጥሩ ቆርቆሮ ተደበደበ።
ዶኛ ኦብዱሊያ፣ የሠርግ ልብስ ሰፊዋ፣
ሰማንያ ሊሞላት ሁለት የቀራት፣
በካልሲ፣ በሌሊት ልብሷ፣ መርፌ ደረቷ ላይ ሰክታ፣
ለስድብ የተሳለ አፍ ይዛ መጣች።
«ቤርቶ፣ ማንን ነው የምታርደው?»

አሳየኋት። መብራቱን ከእጄ ነጠቀችኝ።
የመሪውን ዘንግ በመዳፏ ዳበሰች፣
ከዘንጉ እስከ ሞተሩ ያለውን ክፍተት በስንዝር ለካች፣
ሰው ክንዱን አንሣ ብላ ብብቱን እንደምትለካ።
«ይሄማ እጅጌ ነው» አለች።
«ሰውየው ክንዱን ያነሣል፤ ጨርቁ መሄጃ ካጣ
ብብቱ ላይ ነው የሚለቅ፣ የቱንም ያህል ቢሰፋ።
ያኛውስ የት ጋ ነው የተቀደደው?»
ስባሪውን አንሥቼ ሰጠኋት።
ብብቱ ላይ ነበር።

ሜትሯን ከአንገቷ አወረደች። የብስኩት ካርቶን ቀደደች።
በጠመኔ ጻፈችበት፦ «ፊት» «ኋላ» «እዚህ አትንካ»።
ትልቁን ማጠፊያ ለአምስት ሸነሸነችው፣
ጠባቡ ወገን ወደ ውስጥ፣ ሰፊው ወደ ውጭ፤
«ቀሚስ የሚዞረው እንዲህ ነው፣ አንተ ደንቆሮ።»
«ብረት እኮ አይለጠጥም» አልኳት።
«ሲሞቅስ?» አለችኝ።

መልስ አልነበረኝም። አንዱን ቱቦ በአንዱ አፍ አስገባሁ፣
ሳልበይደው ተውኩት፣ ሲግል የሚንሸራተትበት።

ፍላንጁን ከወፍራም ብረት ጋር አሰርኩት፣ እንዳይጣመም።
የቱቦውን ሆድ በአርጎን ሞላሁ፣ ጀርባው እንዳይጠቁር።
በነጥብ በነጥብ ያዝኩት፣ ኋላ እንደሚፈታ ስፌት፤
ከዚያ ጭንብሌን ጣልኩ፤ ዓለም አንዲት አረንጓዴ ነጥብ ሆነች።
ሲበርድ ዳሩ ሰማያዊ፣ መሃሉ የገለባ ቀለም።
የወንድሜ ጭንብል አፍንጫዋ ላይ እየወረደ
አጎንብሳ አየችው።
«ሦስተኛው ላይ ስፌትህ ዘሏል። ፍታው።»
ፈታሁት። ግማሽ ሌሊት ሞረድኩ እየተሳደብኩ፣ በሆዴ።

እሑድ ረፋዱ ላይ ቁልፉን አዞርኩ።
አንዴ አሳለ። ሁለቴ አሳለ።
በሦስተኛው ሰፈሩ ተተረተረ፣ ከዳር እስከ ዳር፣
በላዩም የቱርቦው ቀጭን ፉጨት እንደ ክር ገባ።
«ፊት» የሚለው የጠመኔ ጽሑፍ ቱቦው ላይ
ትንሽ ጨሰና ጠፋ።

ዶኛ ኦብዱሊያ ጭንቅላቷን ከአጥሩ በላይ አወጣች፣
ጆሮዋን በሁለት እጇ ይዛ።
«ተቀደደ?»
«አልተቀደደም፤ ድምፁ ነው!»
«እንግዲያው አጥፋው፤ ሙሽራ እያለካሁ ነው።»

ካርቶኑን መልሼ ስሰጣት፣
ከሙሽሮቹ ልክ ጋር በአንድ ሚስማር ሰቀለችው።